ምዕራፍ ሰባት፦ ሃምሳኛዋ

ቁጥሩ 60163 ነው። በሎኮሞቲቯ ግንባር፣ ክብ በሆነው የጢስ ሳጥን በር ላይ፣ በነጭ ተጽፎ ይታያል። ባቡር ብዙም የማያውቅ ሰው እንደ መኪና ታርጋ አይቶት ያልፋል። የእንግሊዝን የባቡር ታሪክ የሚከታተል ሰው ግን ቆም ብሎ ደግሞ ያየዋል፤ የዚህ ዘር የመጨረሻ ቁጥር 60162 እንደነበር ያውቃልና። 60162 ከፋብሪካ የወጣችው በ1949 ነው። (የዚህ ምዕራፍ ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) እሷም፣ የቀሩት አርባ ስምንት እህቶቿም፣ 1966 ሳያልቅ ከሥራ ወጥተው እየተቆራረጡ ወደ ብረት ማቅለጫ ገብተዋል። አንዲት እንኳ ለዘር አልተረፈችም። 60163 ደግሞ በራሷ እንፋሎት ሰው ፊት የተንቀሳቀሰችው በኦገስት 2008 ነው።

በሁለት ተከታታይ ቁጥሮች መካከል ሃምሳ ዘጠኝ ዓመት አለ።

የሠሯት ሰዎች “ቅጂ” የሚለውን ቃል አይወዱትም። ሃምሳኛዋ ናት ይላሉ፤ ከእህቶቿ ዘግይታ የተወለደች እንጂ የእነሱ ምስል አይደለችም። መጀመሪያ ሳነበው የፍቅር ማጋነን መስሎኝ ነበር። አሁን ግን እነሱ ልክ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት እስከ ቶርኖው፣ እስከ ቦይለሩ ድረስ መግባት ያስፈልጋል።

ከዘሩ እንጀምር። ከአንድ ንድፍ የወጡ ሎኮሞቲቮችን እንግሊዞች “ክላስ” ይሏቸዋል፤ እኔ በዚህ ምዕራፍ ዘር እላቸዋለሁ። የኛዎቹ ኤ1 የሚባሉት ናቸው። የነደፏቸው አርተር ፔፐርኮርን የለንደንና ሰሜን ምሥራቅ የባቡር ኩባንያ የመጨረሻው ዋና መካኒካል መሐንዲስ ነበሩ። ኩባንያው ሎኮሞቲቮቹን ቢያዝም፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1948 የእንግሊዝ ባቡሮች በሙሉ የመንግሥት ሆኑ፤ የመጀመሪያዋ ኤ1 በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ስትወጣ ያዘዛት ኩባንያ ፈርሶ ነበር። ሃያ ስድስቱ ዶንካስተር፣ ሃያ ሦስቱ ዳርሊንግተን ተሠሩ። ሁለቱም በሰሜን እንግሊዝ ያሉ የባቡር ከተሞች ናቸው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና ሦስት ዓመቱ ነው። ጥሩ የድንጋይ ከሰል አይገኝም፤ ያለው አመዱ የበዛ፣ ሙቀቱ ያነሰ ነው። ፔፐርኮርን ለዚህ የሰጡት መልስ ቀላል ነበር፦ እሳቱ የሚነድበትን ቦታ ማስፋት። የኤ1 የእሳት ወለል ስፋት 4.6 ካሬ ሜትር ነው፤ ከአንድ ሰፊ የባልና ሚስት አልጋ ይበልጣል። ይህን ወለል በአካፋ እኩል እያለበሰ፣ ባቡሩ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ እየበረረ፣ ለሰዓታት የሚቆመው አንድ ሰው ነው። ያም ሆኖ ኤ1ዎቹ በሠራተኛው የተመሰገኑ ነበሩ። ከአንድ ከባድ ጥገና እስከ ሌላው በአማካይ ወደ 190,000 ኪሎ ሜትር ይሄዱ ነበር፤ በእንፋሎት ዓለም ይህ የጤነኛ ማሽን ምልክት ነው።

ጤናቸው ግን አላዳናቸውም። የእንግሊዝ ባቡር በ1955 ባወጣው የዘመናዊነት ዕቅድ እንፋሎትን በናፍጣና በኤሌክትሪክ ለመተካት ወሰነ። ኤ1ዎቹ በአማካይ አሥራ አምስት ዓመት ያህል ብቻ ሠርተው ተሰናበቱ። የመጨረሻዋ፣ ቁጥር 60145 ሴይንት መንጎ፣ በ1966 ስትወጣ እሷን ገዝቶ ለማቆየት ሙከራ ተደርጎ አልተሳካም።

ለመሆኑ የሌሎች ዘሮች ሎኮሞቲቮች በመቶ ሲተርፉ እነዚህ ለምን ጠፉ? መልሱ ከማሽኖቹ ጥራት ጋር ግንኙነት የለውም። በደቡብ ዌልስ ባሪ በምትባል የወደብ ከተማ ዳይ ዉድሃም የሚባል ሰው የቁራጭ ብረት ግቢ ነበረው። መንግሥት በአንድ ጊዜ ሎኮሞቲቮችም አሮጌ ፉርጎዎችም ሸጠለት። ፉርጎ መቁረጥ ይቀላል፤ ስለዚህ ሠራተኞቹ ፉርጎዎቹን አስቀድመው ሎኮሞቲቮቹን በባሕር ንፋስ ሲዝጉ እዚያው ተዉአቸው። ከዓመት ዓመት እንዲህ ሲተላለፍ ወዳጆች ገንዘብ እያዋጡ መጡ፤ ግቢው ከገቡት 297 ሎኮሞቲቮች ውስጥ 213ቱ እየተገዙ ወጡ። ዛሬ በእንግሊዝ ቅርስ መስመሮች ላይ ጢስ የሚተፉት ብዙዎቹ የባሪ ልጆች ናቸው። ይሁን እንጂ ለባሪ የሚቀርቡት የምዕራቡና የደቡቡ መስመሮች ነበሩ። ከፔፐርኮርን ኩባንያ ንድፎች ባሪ የደረሰች አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ኤ1 አልነበረችም። የሰሜን ምሥራቆቹ በየአቅራቢያቸው ወዳሉ ግቢዎች ተወሰዱ፤ እዚያ ደግሞ ሥራው ቶሎ ያልቅ ነበር። አንድ ዘር እንዲተርፍ፣ ሌላው እንዲጠፋ ያደረገው ርቀትና የፉርጎ ብዛት ነው። ይህን ሳስብ ያሳዝነኛል፤ ኤ1ን የጣላት የሚዛን ፍርድ አልነበረም።

በ1990 ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ሃምሳኛዋን እንሥራ አሉ። ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙም የኤ1 የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ትረስት ሆነ። ጉዳዩ ያኔ እብደት ቢመስል አይገርምም። በእንግሊዝ ለዋና መስመር የሚሆን አዲስ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ከተሠራ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ኤ1ዎቹን የሠሩት ፋብሪካዎች የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ መሥራት ካቆሙ ቆይተዋል፤ የዳርሊንግተኑ ዋና ወርክሾፕ በ1966 ነው የተዘጋው።

ገንዘቡን ያሰባሰቡበት መንገድ ለኔ ከማሽኑ እኩል የሚደነቅ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እነሱም አንድ ባለጸጋ ፍለጋ አልወጡም። “በአንድ ብርጭቆ ቢራ ዋጋ” የሚል ጥሪ አቀረቡ፤ ያኔ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የአንድ ትልቅ ብርጭቆ ቢራ ዋጋ 1 ፓውንድ ከ25 ፔንስ ነበርና በሳምንት ያችን ብቻ በቋሚነት የሚሰጥ ሰው ፈለጉ። ሰዎች ዓመታት ሙሉ በየወሩ ከባንክ ሒሳባቸው እንድትቆረጥ ፈቀዱ። ሎኮሞቲቯ ስታልቅ ወጪው 3 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ደርሶ ነበር። በርካታ ክፍሎች በኩባንያዎች ስጦታና ቅናሽ፣ ቦይለሩ ደግሞ ከደጋፊዎች በተወሰደ ብድር ተሠሩ፤ መሠረቱ ግን ያች የሳምንት መዋጮ ነች።

ቀጥሎ ንድፉ። የኤ1 የመጀመሪያ ንድፎች አብዛኞቹ ዮርክ ከተማ በሚገኘው ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ተቀምጠው ተገኙ። ወረቀት አይደሉም፤ እንደ ብራና በለሰለሰ ጨርቅ ላይ በጥቁር ቀለም የተሣሉ ናቸው። እነሱን በስካነር እያነሱ፣ የደበዘዘውን መስመር በኮምፒውተር እያጸዱ፣ ለዛሬ ፋብሪካ በሚገባ መልክ ማዘጋጀት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ። ትልቁ ችግር ግን ንድፉ የያዘው ሳይሆን ያልያዘው ነበር። በ1948 የዶንካስተር ንድፍ አውጪ የአንድን ዘንግ ውፍረት ጽፎ፣ ዘንጉ ከኩሽኔታው ጋር ስንት የክር ያህል ክፍተት ይኑረው የሚለውን አይጽፍም። ለምን ይጽፋል? ከታች ያለው ገጣጣሚ ሃያ ዓመት የሠራ ነው፤ በእጁ ያውቀዋል። ያ ሰው ጡረታ ሲወጣ ክፍተቱ አብሮ ወጣ። የብረቱ ስምም እንዲሁ ነው፤ ንድፉ የሚጠራቸው የብረት ደረጃዎች ዛሬ የሉም፣ እያንዳንዳቸው በዛሬ አቻ መተርጎም ነበረባቸው።

እዚህ ላይ ከኛ ሠፈር አንድ ነገር ላንሣ። የድሬዳዋን የምድር ባቡር ወርክሾፕ የሚያውቁ ሰዎች የሚያወሩት ስለ ማሽኖቹ ብቻ አይደለም፤ ስለ ሰዎቹ ጭምር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902 ነው፤ እንፋሎቱ በ1950ዎቹ በናፍጣ እስኪተካ፣ ከዚያም በኋላ፣ የተሰበረ ዕቃ ከፈረንሳይ እስኪመጣ የሚጠበቅበት ጊዜ ስለማይኖር እዚያው ይሠራ ነበር። ሙያው በልምምድ ከአለቃ ወደ ተማሪ ይወርዳል። በኤርትራ የሆነው ደግሞ ከዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ጋር ፊት ለፊት የሚተያይ ነው። ከምጽዋ አስመራ የሚወጣው 118 ኪሎ ሜትር መስመር በነጻነት ጦርነቱ ፈርሶ፣ ሐዲዱና አግዳሚው ለምሽግ ውሎ ነበር። ከነጻነት በኋላ ሐዲዱ ተለቅሞ እንደገና ሲዘረጋ፣ ጣልያን ሠራሽ የሆኑትን የ1930ዎቹን ሎኮሞቲቮች ያስነሡት በጡረታ የነበሩ፣ ሰባዎቹን ያለፉ የባቡር ሠራተኞች ናቸው። በ2003 መስመሩ እንደገና አስመራ ገባ። እዚያ ማሽኑም ሰውም ተርፈው ተገናኙ። ዳርሊንግተን ላይ ግን ማሽኑ የለም፤ ሰዎቹም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ስለዚህ ሃምሳኛዋን መሥራት ማለት ብረት መቁረጥ ብቻ አልነበረም፤ የጠፋ እጅን መልሶ ማሠልጠንም ነበር።

ዋናዎቹ የጎን ብረቶች፣ ማለትም የሎኮሞቲቯ አጥንት፣ በ1994 ተቆረጡ። እነሱ ከተቆረጡ በኋላ ሐሳቡ የምር ሆነ። ከዚያ ጎማዎቹ። ከስድስቱ ዋና ጎማዎች እያንዳንዱ 2 ሜትር ከ3 ሳንቲ ሜትር ቁመት አለው፤ ረጅም ሰው አጠገቡ ቢቆም ጎማው ከላይ ይተርፋል። ሼፊልድ ውስጥ ዊልያም ኩክ በሚባል ፋብሪካ ከብረት ቀልጠው ፈሰሱ። ቀልጦ የፈሰሰ ብረት ሲቀዘቅዝ በመቶ ሁለት ያህል ይኮማተራል። ሁለት ሜትር ላይ ይህ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ፎርማውን የሚሠራው አናጢ በዓይኑ ከሚፈለገው የሚበልጥ ጎማ ይሠራል፤ ለዚህም ሥራ ሆን ተብሎ የረዘመ ልዩ ማስመሪያ አለው። ሳንቲ ሜትሩ ሳንቲ ሜትር አይደለም፣ ትንሽ ይበልጣል። እንዲህ ያለውን ማስመሪያ በእጁ የያዘ የመጨረሻው ሰው ከሞተ፣ ንድፉ ቢኖርም ጎማው አይኖርም።

ጎማው ከተፈለፈለና ቶርኖ ላይ ከዞረ በኋላ፣ ሐዲዱን የሚነካው የውጭ ቀለበት ይገባበታል። ይህንን ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ቀለበቱ ሆን ተብሎ ከጎማው ጠበብ ተደርጎ ይሠራል፤ በሁለት ሜትር ጎማ ላይ ልዩነቱ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። በቀዝቃዛነቱ በምንም ጉልበት አይገባም። ወለል ላይ ተኝቶ በዙሪያው የጋዝ እሳት ይለቀቅበታል። ብረቱ ሲግል በጥቂት ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ግን እንደ ፍም እስኪቀላ አይደለም፣ ቀለሙ ሳይለወጥ ነው። ያኔ ጎማው በክሬን ተንጠልጥሎ ቀስ እያለ ወደ ውስጡ ይወርዳል። ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ነው። ገጭ ብሎ ከተጣመመ፣ ቀለበቱ እንደተጣመመ ቀዝቅዞ ይጨብጣል፤ ማላቀቅ ሌላ ስቃይ ነው። በትክክል ከወረደ ግን ሲቀዘቅዝ ጎማውን አንቆ ይይዘዋል። ከባድ ክብደት ተሸክሞ ለዓመታት የሚሽከረከረው በዋናነት በዚህ ጭብጥ ነው። ይህን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በራሱ እጅ የሠራ ወጣት፣ ከመጽሐፍ አንብቦ ካወቀው ሰው ጋር አንድ አይደለም።

በ1997 ሥራው ወደ ዳርሊንግተን ገባ። ቦታው በ1853 የስቶክተንና ዳርሊንግተን ባቡር ለፉርጎ ሥራ ያስገነባው የድንጋይ ሕንጻ ነበር። ይህ ባቡር በ1825 በሕዝብ ሐዲድ ላይ በእንፋሎት መጓዝን የጀመረው ያው መስመር ነው። ሃያ ሦስት ኤ1ዎች ወደተወለዱበት ከተማ ሃምሳኛዋ ተመለሰች ማለት ነው።

የቀረው ቦይለሩ ነበር፤ ክርክሩም ከዚህ ይጀምራል።

ቦይለር ምን እንደሚሸከም በቀላሉ ለማሰብ የመኪና ጎማን መውሰድ ይቻላል። የቤት መኪና ጎማ ውስጥ ከሁለት ባር ትንሽ የሚበልጥ ግፊት አለ። የኤ1 ቦይለር ውስጥ ያለው 17 ባር ነው፤ በአየር ሳይሆን በሚንተከተክ ውኃና በእንፋሎት የተሞላ፣ በውስጡ ነጭ እሳት የሚነድበት። የእሳቱ ሳጥን በሌላ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ በሁለቱ መካከል ውኃ አለ። ግፊቱ የውስጠኛውን ሳጥን እንዳይጨፈልቀው ሁለቱ ግድግዳዎች እጅግ ብዙ በሆኑ አጫጭር ማሰሪያ ብሎኖች ተያይዘዋል። በ1948 የውስጠኛው ሳጥን ከመዳብ ነበር የሚሠራው፤ የቦይለሩ ላሜራዎችም በጋለ ሪቬት ተመትተው ነበር የሚጋጠሙት።

ይህን ያህል ቦይለር በአዲስ ለመሥራት የሚያስፈልገው ልምድና መሣሪያ በእንግሊዝ ከእንፋሎት ዘመን ጋር ሄዶ ነበር። በጀርመን ግን ቀርቶ ነበር። ቱሪንጂያ ውስጥ ማይኒንገን የምትባል ከተማ በ1914 የተከፈተ የሎኮሞቲቭ ወርክሾፕ አላት። ከተማዋ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በምሥራቅ ጀርመን በኩል ወደቀች፤ ምሥራቅ ጀርመንም ነዳጅ መግዛት ስላልቻለች እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ ድረስ በእንፋሎት ባቡር ስትሠራ ቆየች። የድህነት ውጤት ነበር፤ ሙያውን ግን አቆየው። የኤ1 ቦይለር እዚያ ተሠርቶ በ2006 ዳርሊንግተን ደረሰ። በሪቬት ፈንታ ብየዳ፣ በመዳብ ፈንታ ብረት ሆኖ ነበር፤ ጀርመኖቹ የሚያውቁት የዚያን ዓይነት ቦይለር ነውና፣ የዛሬው የግፊት ዕቃ ሕግም ማረጋገጥ የሚቀለው ብየዳን ነው።

ታዲያ ይህች አሁንም ኤ1 ናት? በዚህ ላይ ደጋፊዎች ሳይቀሩ ተከራክረዋል። ዝርዝሩ ሲደመር ለውጡ ቀላል አይደለም። ቁመቷ ከኤሌክትሪክ ሽቦ በታች በደህና እንድታልፍ በጥቂቱ ዝቅ ብሏል። ከኋላ የምትጎትተው የውኃና የከሰል ጋሪ ቀድሞ ወደ 22,700 ሊትር ውኃ ይይዝ የነበረው አሁን ወደ 28,000 ሊትር ይይዛል፤ ድሮ ባቡሩ እየሮጠ ከሐዲዱ መካከል ውኃ የሚቀዳባቸው ገንዳዎች ዛሬ የሉምና። የአየር ፍሬን፣ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ የዛሬውን የምልክት ሥርዓት የሚያነብ መሣሪያ፣ ራዲዮ ተጨምሯል።

የኔ መልስ አዎ ናት ነው። ምክንያቴን የሰጡኝ ራሳቸው ፔፐርኮርን ናቸው። ከአርባ ዘጠኙ ውስጥ ከ60153 እስከ 60157 ያሉት አምስቱ እንደ እህቶቻቸው በተራ ኩሽኔታ ሳይሆን በሮለር ኩሽኔታ ነበር የሚሄዱት። በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ የተሠራ ዘር እንኳ እርስ በርሱ አንድ አልነበረም፤ የተሻለ ነገር ሲገኝ ይገባ ነበር። 60163 ሮለር ኩሽኔታ የያዘችው ያንን ተከትላ ነው። እንፋሎቱ ሳይቋረጥ ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ በ1960ዎቹ የምትወጣ ኤ1 በብየዳ የተሠራ ቦይለር ባልኖራት ነበር ብሎ የሚምል የለም። ሙዚየም ውስጥ የሚቆም ዕቃ መለወጥ የለበትም፤ ዋና መስመር ላይ ሰው ጭኖ የሚሮጥ ዕቃ ግን የዘመኑን ሕግ ካላከበረ አይሮጥም። ኤ1 ደግሞ ለመሮጥ ነው የተነደፈችው። ቆማ የምትታይ ትክክለኛ ምስል ብትሠራ ኖሮ ከዘሩ ዋናው ነገር በጠፋ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ሮጠችም። በኖቬምበር 2008 ገና ግራጫ የሥር ቀለም እንደተቀባች በዋናው መስመር ላይ ተፈተነች። በጃንዋሪ 31 ቀን 2009፣ የአፕል አረንጓዴ ቀለሟን ለብሳ፣ ከዮርክ ወደ ኒውካስል የመጀመሪያዎቹን መንገደኞች ወሰደች። በፌብሩዋሪ በዮርክ ጣቢያ ልዑል ቻርልስ ቶርናዶ የሚለውን ስም ገለጡላት፤ ስሙ የተወሰደው ከእንግሊዝ አየር ኃይል ቶርናዶ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። የማኅበሩ የክብር ፕሬዚዳንት የፔፐርኮርን ባለቤት የነበሩት ዶሮቲ ማዘር ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የእሳቸው ንድፍ በራሱ እንፋሎት ሲሄድ ለማየት በቁ። ይህን ነገር ስጽፍ ሁሌም እቆማለሁ። ቁራጭ ብረት ሆኖ የተሸጠ የአንድ ሰው የሕይወት ሥራ፣ ሚስቱ በሕይወት እያለች ተመለሰ።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ በደቡብ እንግሊዝ በረዶ ወረደ። በለንደን ደቡብ ያሉት ባቡሮች ኤሌክትሪክ የሚስቡት ከጎን ከተዘረጋ ሦስተኛ ሐዲድ ነው፤ በረዶ ሲሸፍነው ይቆማሉ። ያን ቀን ቶርናዶ የገና ሽርሽር መንገደኞችን ይዛ ነበርና በጣቢያ ተቸግረው የቀሩ ወደ መቶ የሚጠጉ ሰዎችን አሳፍራ ወደ ቤታቸው አደረሰች። የድንጋይ ከሰል ሦስተኛ ሐዲድ አያስፈልገውም። በኤፕሪል 2017 ደግሞ በሌሊት በተደረገ ሙከራ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ገባች፤ በእንግሊዝ ሐዲድ ላይ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ እዚህ ፍጥነት ሳይደርስ ሃምሳ ዓመት ገደማ አልፎ ነበር።

መንገዷ ሁሉ አልቀናም፤ ያንን መደበቅ ተገቢ አይደለም። በ2011 ቦይለሩ ተፈትቶ ለጥገና ወደ ማይኒንገን ተመለሰ። በኤፕሪል 2018 ከለንደን ወደ ዮርክ መንገደኛ ይዛ ስትሄድ በመካከለኛው ሲሊንደር የቫልቭ ማንቀሳቀሻ ላይ ብልሽት ደርሶ መንገድ ላይ ቀረች፤ ለወራት ወርክሾፕ ገባች። አዲስ የተሠራች ሎኮሞቲቭ ብልሽቷም አዲስ ነው፤ አስተማሪዋም እሷው ናት።

ቶርናዶ በር ከፈተች። በሱሴክስ የሚገኘው የብሉቤል ባቡር ቢቺ ሄድ የምትባለውን ሎኮሞቲቭ መልሶ ሠርቶ በ2024 ወደ ሐዲድ አወጣት። የዘሯ የመጨረሻዋ ያቺው ቢቺ ሄድ በ1958 ነበር ከሥራ የወጣችው። የሥራው መነሻ የሆነው በኤሴክስ አንድ የእንጨት ሥራ ቦታ እንፋሎት ሲያፈላ የተገኘ አሮጌ ቦይለር ነው። ቦይለሩ የሰሜኑ ኩባንያ፣ የዶንካስተር ነበር፤ ግን ተስማማ። ምክንያቱ ደስ ይላል፦ ቢቺ ሄድ የነበረችበት የብራይተን ኩባንያ መሐንዲስ ማርሽ ከ1905 በፊት ዶንካስተር ይሠሩ ስለነበር፣ ለአዲሱ ኩባንያቸው ሎኮሞቲቭ ሲያወጡ የቀድሞ መሥሪያ ቤታቸውን ንድፍ ተከትለው ነበር። የመቶ ዓመት ዝምድና አንድ የእንጨት ግቢ ውስጥ ሲጠብቅ ኖረ።

በዲድኮት ያለው የግሬት ዌስተርን ማኅበር ደግሞ ሌላ መንገድ መረጠ። “ሴይንት” የሚባለው ዘር በ1953 አልቆ ነበር። “ሆል” የሚባለው ዘር የተገኘው በ1924 ከአንዲት ሴይንት ላይ ጎማዋን በማሳነስ ነው። ማኅበሩ ከባሪ የመጣች አንዲት ሆል ወስዶ ጎማዋን መልሶ አሳደገ፤ ልጅቱን ወደ እናቷ መለሳት። በ2019 ሌዲ ኦቭ ሌጀንድ ተብላ ወጣች። አንዲት የተረፈች ሎኮሞቲቭ ተሠውታ የጠፋ ዘር መነሣቱን የማይወዱ አሉ፤ ቅሬታቸውን አከብራለሁ። ሆሎች ግን ብዙ ናቸው፣ ሴይንት ግን አንዲትም አልነበረችም፤ ሚዛኑ ወደ ማኅበሩ ያደላል።

የቶርናዶ ሰዎች ራሳቸው አላረፉም። አሁን ዳርሊንግተን ውስጥ የሚሠሩት ከፔፐርኮርን በፊት የዚያው ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበሩት የሰር ናይጀል ግሬዝሊ ፒ2 የሚባለውን ዘር ነው። ከ1934 እስከ 1936 ስድስት ብቻ ተሠርተዋል፤ ከኤዲንብራ አበርዲን ያለውን ዳገታማና ጠመዝማዛ መስመር ከባድ ባቡር ይዘው እንዲወጡ ስምንት ዋና ጎማ ነበራቸው። ኃይላቸው የሚያስደንቅ ነበር፤ ግን በመካከለኛው ሲሊንደር የሚገፋው ጠማማ ዘንግ ይሰበር ነበር። ግሬዝሊ በ1941 ሞቱ፤ የተኳቸው ኤድዋርድ ቶምፕሰን በ1943 እና 1944 ስድስቱንም ወደ ስድስት ጎማ ለወጧቸው። ዘሩ ቁራጭ ብረት ሳይሆን በፊት እንዲህ ጠፋ።

ስለዚህ ዳርሊንግተን ላይ ያለው ሥራ ከቶርናዶው ይከብዳል። ቶርናዶን የሠሩት ጤነኛ ንድፍ ይዘው ነው። ፒ2 ላይ ግን ግሬዝሊ ጊዜ ያላገኙለትን ጥያቄ መመለስ አለባቸው፦ ዘንጉ ለምን ተሰበረ? በየትኛው ጥግ ላይ ጭነቱ ተከማቸ? ፊት ያሉት ትንንሽ ጎማዎች በመጠምዘዣ ላይ እንዴት ይመሩ ነበር? መልሱን የፈለጉት ብረቱን ከመቁረጣቸው በፊት ነው፤ ሎኮሞቲቯን በኮምፒውተር ውስጥ ሠርተው፣ በኮምፒውተር ሐዲድ ላይ በመጠምዘዣ አሮጧት፣ ዘንጉን አጥንተው አጠነከሩት። በ2014 የጎን ብረቶቹ ተቆረጡ። የግሬዝሊ ስድስቱ ከ2001 እስከ 2006 ቁጥር ነበራቸው። የአዲሷ ቁጥር 2007 ነው።